በምርጫ ሰሞን ወሬን በሰዓቱ መመለስ፦ ለጎንደር ሲቪክ ማኅበራት የማኅበራዊ ሚዲያ አሠራር

የርግብ ሥዕል ያለበት «ሰላም ለሁላችን» የሚል ፖስተር ማንም አይጠላውም፤ ሼር የሚያደርገውም የለም። በምርጫ ሰሞን ሰው ስልኩን የሚከፍተው ቁርጡን ለማወቅ ነው፦ ካርድ የሚወሰደው የት ነው? አዘዞ ላይ ሆነ የተባለው እውነት ነው? ውጤት መቼ ይነገራል? የማኅበራችሁ ፔጅ የሚጠቅመው ይህን በሰዓቱ ሲመልስ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ። የመራጮች ትምህርት ለመስጠት በምርጫ አዋጅ 1162/2011 መሠረት የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማኅበሩ ሕጋዊ ሆኖ መመዝገቡ ብቻ አይበቃም። ቀጥሎ የአድሚኖቹን የግል አካውንት ተመልከቱ። የማኅበሩ ፔጅ ገለልተኛ ሆኖ አድሚኑ በራሱ ስም የአንድ ፓርቲ ፖስተር ከለጠፈ፣ ስክሪንሾቱ በማግስቱ ከተማውን ይዞራል።

ፔጁንና የቴሌግራም ቻናሉን በአንድ በጎ ፈቃደኛ ስልክ አትክፈቱ። ልጁ ሲለቅ ቻናሉም አብሮት ይሄዳል። በማኅበሩ ሲም ካርድ ክፈቱ፣ ሁለት አድሚን ይኑረው፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። በስልክ የሚመጣውን ኮድ ማንም ቢጠይቃቸው እንዳይሰጡም ለሁሉም ንገሩ፤ አካውንት በብዛት የሚሰረቀው በዚያ ነው።

ለዕለት ሥራ አምስት ሰው ይበቃል፦ ሁለት የሚጽፉ፣ አንድ የሚያጣራ፣ አንድ ኮሜንት የሚጠብቅ፣ አንድ ስልክ የሚደውል። ከሁሉም የሚከብደው የደዋዩ ሥራ ነው። ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከአራዳ፣ ከጃንተከል በየሰፈሩ ቢያንስ ሁለት የሚታመኑ ሰዎች አስቀድማችሁ ያዙ፦ የዕድር ሰብሳቢ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ባለ ሱቅ። ሁለቱ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ባይሆኑ ይመረጣል፤ አለዚያ አንዱ የሰማውን ሌላው ይደግመውና ሁለት ምስክር ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ስማቸው ፔጅ ላይ አይወጣም። ቦርዱ ዕውቅና የሰጣቸውን ታዛቢዎች ለዚህ አትጠቀሙባቸው፤ እነሱ የራሳቸው የሥነ ምግባር ደንብ አላቸው።

ቪዲዮ ሲመጣ ከመሐሉ ስክሪንሾት ወስዳችሁ በጉግል ሌንስ ፈልጉ። የቆየ ከሆነ ቀድሞ የተለጠፈበት ሊገኝ ይችላል። ካልተገኘ ዓይናችሁን ተጠቀሙ፦ ምርጫው ሰኔ ላይ ከሆነ፣ ሰኔ ሲጋመስ የጎንደር ዙሪያ ማለምለም ይጀምራል፤ ሣሩ ቢጫ ሆኖ አቧራ የሚቦንበት ቪዲዮ «የዛሬ ጠዋት» ከተባለ ጠርጥሩ። የጥምቀት ሕዝብም ከላይ ሲቀረጽ ሰልፍ ሊመስል ይችላል።

መልስ ስትጽፉ እውነቱ ይቅደም። «አዘዞ ምርጫ ጣቢያ ተዘጋ የሚባለው ውሸት ነው» ብላችሁ ከጀመራችሁ፣ በችኮላ ያነበበ ሰው «ተዘጋ» የምትለዋን ብቻ ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ይሻላል፦

«አዘዞ ያለው ምርጫ ጣቢያ ክፍት ነው። ከጠዋቱ 5፡20 ላይ ሁለት ነዋሪዎች በየግላቸው አረጋግጠውልናል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ መታወቂያና የመራጭነት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ተዘግቷል የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ቀጣይ መረጃ 7፡00 ላይ።»

የጣቢያውን ሙሉ መጠሪያ ጻፉ። ሰዓቱን አትርሱ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነገሩ ቢለወጥ የሚያድናችሁ እሱ ነው። የሐሰቱን ስክሪንሾት መለጠፍ ግድ ከሆነ በላዩ ላይ በቀይ «ሐሰት» ብላችሁ ጻፉበት። ካልተረጋገጠ ደግሞ «እያጣራን ነው» በሉ፤ ዝምታውን ሌላ ሰው ይሞላዋል። ሃምሳ ሰው ብቻ ያየውን ወሬ ግን እናንተ አታባዙት። ማስተባበል የሚገባው ከግሩፕ ወደ ግሩፕ መዝለል ሲጀምር ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚያ ሰዓት ነው።

የፌስቡክ የቃላት ማጣሪያ ስድብ ያለበትን ኮሜንት ይደብቃል፤ ግን የሚያውቀው የሰጣችሁትን ፊደል ብቻ ነው። አንዱን ቃል በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠ፣ በአና በዐ፣ በጸና በፀ ለያይታችሁ አስገቡ፤ «የ»፣ «እነ» እና «ዎች» የተጨመሩበትን፣ በላቲን ፊደል የተጻፈውንም ጨምሩ። ዝርዝሩን በየማታው አድሱት፤ ተሳዳቢም በፊደላቱ መሐል ነጥብ እየጨመረ ይማራል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ስሎው ሞድ» (አንድ ሰው በተከታታይ እንዳይጽፍ የሚያዘገየውን) አብሩ፣ ማታ ደግሞ መጻፍን ዝጉ። ተኝታችሁ ክፍት የተተወ ግሩፕ ጠዋት ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ፔጃችሁ ከዚያ ካለፈ ከሁለተኛ ሰው ዕይታ ውጭ ምንም አይለጠፍ።

ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት 4 ቀናት ቅስቀሳ የተከለከለ ነው። የፓርቲ ፖስት ሼር ማድረግ ቀርቶ ላይክም ይቅርባችሁ። በዕለቱ ድምፅ የሚሰጠው ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሰዓት መሆኑን ፒን አድርጉ፤ ምልክት የተደረገበት የድምፅ መስጫ ወረቀት ፎቶ ቢላክላችሁ አትለጥፉ።

ኢንተርኔት ሊቋረጥ ይችላል፤ ከነሐሴ 2015 በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ የሰፈር ሰዎቻችሁን ስልክ በወረቀት ያዙ፣ ለአጭር መልእክት ቀድማችሁ ተዘጋጁ፣ ከኤፍ ኤም ጣቢያና ከሞንታርቦ መኪና ባለቤት ጋር ተነጋገሩ።

ከቆጠራ በኋላ ያለው ሌሊት ከድምፅ መስጫው ቀን ይከብዳል። ውጤቱ በየጣቢያው ተቆጥሮ በር ላይ ይለጠፋል፤ ሰውም ያንን ፎቶ እያነሳ «ጎንደር እንዲህ መረጠች» ይላል። አንድ ጣቢያ ቢበዛ 1,500 መራጭ ነው የሚይዘው። ፎቶዎቹን አትደምሩ፣ አሸናፊም አትጥሩ፤ ይፋዊውን ውጤት የሚናገረው ቦርዱ መሆኑን በየሁለት ሰዓቱ ለጥፉ። ቅሬታ ያለውን ሰው ቅሬታ ወደሚቀርብበት ምሩት፤ የፈረቃ ቡድናችሁም ይፋዊው ውጤት እስኪነገር አይበተን።