እስክሪብቶው አልሞተም፦ ከመጣላችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ

ጎንደር አራዳ አካባቢ ትንሽዬ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንም አለ፣ እና በየቀኑ "ይሄ አይጽፍም" ተብሎ የሚመለስልኝ እስክሪብቶ ቢቆጠር ጉድ ነው። ክርክር ስለማልወድ ተቀብዬ ባንኮኒው ላይ ባለው ወረቀት እሞክረዋለሁ፣ አብዛኛው ደሞ ቁልጭ አድርጎ ይጽፋል። ችግሩ ወይ ወረቀቱ ነው ወይ አያያዙ ነው ወይ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ስለዚ ሰው የሚያመጣልኝን ችግር በየተራ ልጻፈው፣ ለእኔም እረፍት ነው።

ቀለም አለው፣ ግን አይጽፍም

ቅዳሜ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ አንድ እናት መጡና "ልጄ ይቺ እስክሪብቶህ ሰው ታጣላለች፣ ብሬን መልስልኝ" አሉኝ። ወረቀት ላይ ብሞክራት ትጽፋለች። "እትዬ እስቲ ደብተሩን ያሳዩኝ" ብል የዱቤ ደብተራቸውን አወጡ፣ የገጹ ጥግ ከጣታቸው በቅቤ ረጥቦ ብርሃን ያሳልፋል። እስክሪብቶዋ እዛች ቦታ ላይ ስትደርስ ትንሸራተታለች፣ ወረድ ሲሉ ደሞ ትጽፋለች። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ኳስ ቀለም ከውስጥ ይዛ የምትወጣው ስትሽከረከር ብቻ ነው፣ የምትሽከረከረው ደሞ ወረቀቱ ሲይዛት ነው፣ ቅባት ያለበት ወረቀት ላይ መሽከርከሩን ትታ ትንሸራተታለች። ኳሷ ራሷ ቅባት ከያዘችም ንጹህ ወረቀት ላይ እምቢ ትላለች። መፍትሄው እጅን መታጠብ፣ ከመዳፍ ስር ሌላ ወረቀት ማድረግ፣ ጫፏን በሶፍት ጠርጎ ሻካራ ወረቀት ላይ ክብ ክብ እያደረጉ ማሽከርከር። እትዬ ብራቸውን ሳይቀበሉ ሄዱ፣ ግን ላጲስ ምርቃት ወሰዱ።

ወረቀቱ ደህና ሆኖ እምቢ ካለ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛ ጫፉ ላይ የደረቀ ቀለም፣ ይሄ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ እስክሪብቶ ነው። የጫማ ሶል ላይ ማሸት የሚባለው የድሮ ዘዴ በእርግጥ ይሠራል፣ ጎማው ኳሷን ጥርቅም አድርጎ ስለሚያሽከረክራት ነው፣ ሶሉ ግን አሸዋ ካለበት ኳሷን ትጎዷታላችሁ፣ ንጹህ ላጲስ ይሻላል። ሁለተኛ ብርድ። ጎንደር ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ የእስክሪብቶ ቀለም ዘይትነት ስላለው ሲቀዘቅዝ ይወፍርና አልወርድም ይላል። በሁለት መዳፍ መሀል አንድ ደቂቃ ማሸት ወይ የውስጥ ኪስ ውስጥ ትንሽ ማቆየት ይበቃል። ክብሪት ጭሮ ጫፉን ማቃጠል ግን ተዉት! አንዳንዴ ይሠራል፣ አልክድም፣ ግን ብረቷን የያዘው ፕላስቲክ ይለሰልስና ከዛ በኋላ እድሜ ልኳን ስታንጠባጥብ ትኖራለች።

ግድግዳ ላይ ስጽፍ ቆመ

ቢሮ ሰልፍ ላይ ፎርም ግድግዳ ላይ ወይ ከፊት ያለው ሰው ጀርባ ላይ የሚሞሉ ሰዎች ናቸው ይሄን ይዘው የሚመጡት፣ አልጋ ላይ ተንጋሎ የሚያጠና ተማሪም አለበት። ቀለሙ ወደ ኳሷ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው፣ ጫፉ ወደ ላይ ወይ አግድም ሲሆን ቀለሙ ወደ ኋላ ይሸሽና በመሀል አየር ይገባል። ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ኩባያ ውስጥ ማቆም፣ ከቸኮላችሁ ደሞ ጫፉን ወደ ውጪ ይዛችሁ ክንዳችሁን እንደ ወንጭፍ ማወናጨፍ፣ ክዳኑን መክደን እንዳትረሱ ብቻ፣ እኔ አንዴ ረስቼ ጣራዬ ላይ ምልክት አለ።

ከግድግዳ ጋር ምንም ሳይገናኝ መሀል ላይ እያቋረጠ ለሚጽፍም አንድ የደረስኩበት ነገር አለ። ቢክ ላይ ጎኑ ጋ አንዲት ሚጢጢ ቀዳዳ አለች አይደል? ቢክ ክሪስታል ከወጣ ከ1950 በፈረንጆች ጀምሮ ዓለም በእጁ ይዞት ቀዳዳዋን የሚያያት ግን ጥቂት ነው። ሥራዋ ቀለሙ እየወረደ ሲሄድ አየር እንዲተካ ማድረግ ነው። ልጆች ደሞ እንዳይጠፋባቸው ስማቸውን በወረቀት ጽፈው ዙሪያውን በፕላስተር ይጠቀልሉታል፣ ቀዳዳዋም አብራ ትደፈናለች። በዚህ ምክንያት የተመለሱልኝን ፕላስተሩን ስልጠው ወዲያው የጻፉ አሉ። ስሙን ከቀዳዳዋ ራቅ አድርጋችሁ ለጥፉ በቃ። (ክዳኑ ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ ሌላ ናት፣ ልጅ ቢውጠው አየር እንድታሳልፍ ነው፣ እሷንም አትድፈኗት።)

ኪስ ውስጥ ፈሰሰ

መተማ የሚመላለስ ሹፌር ደንበኛ አለኝ፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሰማያዊ ካርታ ይዞ ይመጣል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ መተማ ከ1,000 በታች፣ ቆላው ላይ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ የመታው እስክሪብቶ ቀለሙ ይቀጥናል፣ ይፈሳል። ፈሳሽ ቀለም ያለው ዓይነት ከሆነ ደሞ የሚፈሰው ሲመለስ ዳገቱን ሲወጣ ነው፣ ከቆላ ይዞት የመጣው አየር እዚህ ሲደርስ ይሰፋና ቀለሙን ይገፋዋል። ለሹፌር ተራው እስክሪብቶ ይሻላል፣ ከፀሐይ አርቆ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ማስቀመጥ። ኩባያ ውስጥ ጫፉ ወደ ታች፣ ኪስ ውስጥ ጫፉ ወደ ላይ፣ አንዱን ከአንዱ አታምታቱ።

ሸሚዙ? በሙቅ ውሃ አትጀምሩ፣ የዘይት ቀለም በውሃ አይሟሟም። ከስር ሶፍት አድርጋችሁ አልኮል ወይ ሳኒታይዘር ጠብ አድርጉበትና ከዳር ወደ መሀል ቸብ ቸብ፣ ሶፍቱ በቀለም ሲጠግብ ቀይሩት፣ ከዛ በኋላ ነው ሳሙና። መጀመሪያ ግን የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት፣ የጨርቁን ቀለም ሊያስለቅቅ ይችላል። የጄል እስክሪብቶ ነጠብጣብ ግን እልኸኛ ነው፣ ብዙ አትጠብቁ።

ደረሰኙ ኮፒ ላይ አይታይም

የእጅ በእጅ ሽያጭ ደረሰኝ የሚቆርጡ ባለሱቆች ለዚህ ነው የሚወቅሱኝ። በጄል ነው የሚጽፉት፣ ጄል ደሞ ሳይጫኑት ይጽፋል፣ ካርቦን ግን ካልተጫኑት ወደ ስር አያስተላልፍም። ተራውን እስክሪብቶ ያዙ፣ ከደረሰኙ ስር ጠንካራ ካርቶን አድርጉ። እስካሁንም ካልታየ ካርቦኑን ገልብጣችሁ አስገብታችሁት እንዳይሆን፣ አንጸባራቂው ፊት ወደ ታች ነው።

እርሳሱ በተቀረጸ ቁጥር ይሰበራል

መቅረጫው ነው ብለው ሌላ ይገዛሉ፣ አንዳንዴ እውነት ነው፣ ምላጩ ከደነዘዘ ይቆርሳል። ግን ሁለተኛውም ከቆረሰ እርሳሱ ወድቋል ማለት ነው። ከዴስክ ላይ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ውጪው እንጨት ምንም አይሆንም፣ ውስጡ ያለው ጥቁሩ ግን ሦስት አራት ቦታ ይሰነጠቃል፣ ስትቀርጹት በየስንጥቁ ይወድቃል። እንዲህ ያለው ሙሉ በሙሉ አይድንም፣ በምላጭ በዝግታ አጠር አድርጋችሁ ብትቀርጹት የተረፈውን ትጠቀሙበታላችሁ። (በነገራችን ላይ እርሳስ ብንለውም ውስጡ እርሳስ የሚባለው ብረት የለም፣ ግራፋይትና ሸክላ ነው። ላጲስም በጣልያንኛ እርሳስ ማለት ነው፣ እኛ ጋ ሲመጣ ማጥፊያ ሆኖ አረፈ።)

ፈተና የምታጠቁሩ ተማሪዎች ደሞ ላጲሱ መልሱን ከማጥፋት ይልቅ አመድ ቀባብቶ ሲተው እንዳትስቁ፣ ማሽኑ ያንን ጥላ እንደ ሁለተኛ መልስ ሊያነበው ይችላል። ምክንያቱ ላጲሱ ሰውነቱ ላይ የድሮ ጥቁር ተሸክሟል ወይ ደርቋል። ከመጠቀማችሁ በፊት ንጹህ ሻካራ ወረቀት ላይ አሹት፣ ጥቁሩ ሲለቅና አዲስ ፊት ሲወጣ ያዙት። የደረቀ ከሆነ ጣሉት፣ ያውም ርካሽ ነው።

ነጭ ሰሌዳ ላይ በማይጠፋ ማርከር ተጻፈ

መምህራን በላብ ተጠምቀው ይመጣሉ። በሚጠፋው ማርከር ከላዩ ደርባችሁ ጻፉበትና ሳይደርቅ ጥረጉት፣ ሁለቱም አብረው ይለቃሉ። ካልበቃው አልኮል።

እስክሪብቶው ጠፋ

ይሄ ከሁሉም የበዛው ነው፣ መንስኤውም አንድ ብቻ ነው፣ "አንዴ ላስፈርምበት" የሚል ሰው። ባንኮኒዬ ላይ በሲባጎ አስሬ ሞክሬያለሁ፣ አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ ሲባጎው ብቻ ተንጠልጥሎ ጠበቀኝ፣ ቋጠሮውን ፈቶ እንኳን አይደለም፣ ቆርጦ። አሁን ክዳኑን አስቀርቼ ነው የማውሰው፣ ክዳን የሌለው እስክሪብቶ ኪስ ውስጥ መክተት ሰው ይፈራል፣ ሸሚዙን አስቦ ይመልስልኛል። መሳቢያዬ ውስጥ አሁን ባለቤት የሌላቸው አራት ክዳኖች አሉ፣ ከመቶ ስንት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ከድሮው ግን በጣም ይሻላል።