ያው ሽቶ፣ ሌላ መዓዛ፦ ችግሩና መፍትሄው

ጓደኛዎ ላይ ሲያውድ የወደዱት ሽቶ ራስዎ ላይ ሌላ ነገር ከሆነብዎ፣ ሻጩን ከመውቀስዎ በፊት ቆዳዎን ይመርምሩ።

ጠዋት ተቀብተውት ረፋድ ላይ ይጠፋል?
ቆዳዎ ደረቅ ሳይሆን አይቀርም። ሽቶ በአልኮል የሟሟ የመዓዛ ዘይት ነው። አልኮሉ ወዲያው ይተናል፤ ዘይቱን ይዞ የሚያቆየው የቆዳ ወዝ ነው። ገላዎን እንደታጠቡ ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ቫዝሊን በስሱ ይቀቡና ሽቶውን ከላዩ ይርጩ።

ጓደኛዎ ላይ ሎሚ፣ እርስዎ ላይ እንጨት እንጨት ይሸታል?
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሽቶ በአንድ ጊዜ አይሸትም፤ በተራ ነው። መጀመሪያ ሎሚና ብርቱካኑ ይተናል፣ ቀጥሎ አበባው፣ መጨረሻ ላይ የሰንደል እንጨቱ፣ ቫኒላውና ምስኩ (ከባዱና ቶሎ የማይተነው መዓዛ) ይቀራል። ሞቃት ቆዳ ይህን ጉዞ ያፋጥነዋል። እኔና ታናሽ እህቴ ለሠርግ ከአንድ ጠርሙስ ተቀባን። ታክሲው ሙሽራዋ ቤት ሳያደርሰን የእጅ አንጓዋን ሳሸት ገና ሎሚ ሎሚ ይላል፤ የእኔ ሎሚ ግን ጠፍቶ ቫኒላው ወጥቷል። የእርሷ እጅ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፣ የእኔ ይሞቃል።

ስለዚህ በወረቀት አሽትተው አይግዙ፤ ወረቀት ሙቀትም ወዝም የለውም። የራስዎ አንጓ ላይ ይርጩ፣ ሳያሹት ይድረቅ፣ ከሱቁ ወጥተው ጉዳይዎን ይፈጽሙ። ከ15 ደቂቃ በኋላ አንዴ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ደግሞ አንዴ ያሽቱት። አብሮዎት የሚውለው ያ የኋለኛው መዓዛ ነው፤ እርሱን ከወደዱት ይግዙ።

ከሰውነት ጠረን ጋር ተደባልቆ ይጎመዝዛል?
የቆዳ ባክቴሪያ ላብን ወደ ጠረን ይለውጣል፣ ምግብም ይጨምርበታል። አብሽ ያዘወተረ ሰው ላቡ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ያመጣል። ሽቶ ላብን አይሸፍንም፤ በታጠበ ገላ ላይ ብቻ ይቀቡ። ልብስ ላይ መርጨትም ይረዳል፣ ነጭ ነጠላ ላይ ግን እድፍ ሊተው ይችላልና ይጠንቀቁ።

ሌላው «በዛ» ሲል ለእርስዎ አይሸትዎትም?
አፍንጫ የለመደውን ሽታ መስማት ያቆማል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ከተፈጥሮው የተወሰኑ የምስክ ዓይነቶችን ጨርሶ አያሸትም። ደግመው አይርጩ፤ የቤት ሰው ይጠይቁ።

ቀድሞ ይስማማዎት የነበረው ከተለወጠ ጠርሙሱን ይዩ። ፀሐይና ሙቀት ሽቶ ያበላሻሉ። ከመስኮት አንሥተው ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ያኑሩት።