ጅማ ዙሪያ ወፍ ለማየት ሲወጡ

ወፍ ማየት ከመራመድ ይልቅ መቆም ነው። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ዝናቡ ጋብ ይላል፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎችም ጨፌው ላይ ይውላሉ።

ባይኖኩላር (የሩቁን የሚያቀርብ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር) ሲመርጡ 8×42 የሚል የተጻፈበት ይበቃል። 8 የሚያጎላበት እጥፍ ነው፣ 42 የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር። 10 እጥፍ የሚያጎላው የእጅዎን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። ማታውኑ ቤትዎ ያስተካክሉት፦ ቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው በመሃሉ መዘውር የሩቅ ታፔላ አጥርተው ያንብቡ፤ ቀጥሎ ግራውን ጨፍነው በቀኙ ማያ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ ያዙሩ። ይህን የዘለለ ሰው አንድ ዓይኑ ሲደበዝዝበት ይውላል፣ ራሱንም ያመዋል።

መጀመሪያ በአዲስ አበባ መንገድ በኩል ወዳለው የቦዬ ጨፌ ይሂዱ። ወፉ የሚበዛው ከንጋት እስከ 3 ሰዓት ነው፤ ነገር ግን እዚያ ጉማሬ አለ። ሌሊቱን ሳር ሲግጥ አድሮ ወደ ውኃው የሚመለሰው ጎህ ሲቀድ ነው፣ በመንገዱ ላይ የቆመ ሰውም አይምርም። ስለዚህ በደንብ እስኪነጋ አስፋልቱ ዳር ይቆዩ። እረኛ ካገኙ በኦሮምኛ «አከም ቡልተኒ» (እንዴት አደሩ) ብለው ሰላምታ ይስጡና ጉማሬዎቹ በየት በኩል እንዳሉ ይጠይቁ፤ ከካርታ ይበልጣል።

ፀሐይ ከጀርባዎ እንድትሆን በምሥራቅ በኩል ቆመው 15 ደቂቃ አይንቀሳቀሱ። ፀሐይን ፊት ለፊት ካዩ ወፉ ሁሉ ጥቁር ነው። ወፍ ሲያዩ ዓይንዎን ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡት፤ ጎንበስ ብለው ካነሱት ወፉ የነበረበት ቦታ ይጠፋዎታል። ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ቆዳ የተንጠለጠለበት ወፍ ካዩ በደንብ ይዩት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም።

ቀጥሎ በሰቃና በሸቤ መንገድ ወደ በለጠ ጫካ። እዚህ ከዓይን ጆሮ ይቀድማል። ሶሪት ቅርንጫፍ ላይ ስታርፍ አረንጓዴ ስለሆነች ከቅጠሉ አትለይም፤ ስትበር ግን ክንፏ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ይገለጣል። ቅጠል ለቅጠል ከመፈለግ፣ ከዛፍ ዛፍ ስትሻገር መጠበቅ ይሻላል። ፍሬ ያዘለ ሾላ ካገኙ ግማሽ ሰዓት ሥሩ ይቀመጡ፤ ፍሬ በል ወፍ ሁሉ ወደዚያው ይመጣል።

ከመቀመጥዎ በፊት ግን መሬቱን ይመልከቱ፤ ገብረ ጉንዳን የሱሪ እግር ይወዳል፣ ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ። በጫካው ጥላ ሥር ያለው ቡና ባለቤት አለው፤ በተለይ በለቀማ ወቅት ሳያስፈቅዱ አይግቡ። የወፍ ድምፅ በስልክ እየከፈቱ መጥራትም ይቅርብዎት፤ ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣ መስሎት ጎጆውን ጥሎ ሲባዝን ይውላል።

ያዩትን ወፍ ስም ከመፈለግዎ በፊት መጠኑን፣ የምንቃሩን ቅርፅና የእግሩን ቀለም ማስታወሻ ላይ ይጻፉ። ሥዕል ካዩ በኋላ የሚጻፈው የሥዕሉን ነው።