ካሜራችሁ አውቶ ላይ ይሁን ወይስ ማኑዋል? ብርሃኑን ጠይቁት

ጎንደር ላይ ካሜራ አንግቶ የሚዞር ሰው ሁለት ዓይነት መካሪ አያጣም። አንዱ «አውቶ ላይ አድርገውና አንሳ፣ ምን ያስጨንቅሃል» ይላል። ሌላው ማኑዋል የማይጠቀም ፎቶግራፈር አይባልም ባይ ነው። ሁለቱም ብርሃኑን ቀና ብለው አላዩትም።

እኔ ካሜራዬን ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እየተቀያየረ ያለው ብርሃኑ ነው ወይስ ከፊቴ ያለው ነገር? ብርሃኑ ከሆነ ካሜራው ያስላው። ብርሃኑ ባለበት ቆሞ ከፊታችን የሚያልፈው ሰውና ልብስ ብቻ ከተቀያየረ ግን ማኑዋል ይሻላል።

1. የሞድ መምረጫውን እወቁት

ካሜራው አናት ላይ ባለችው ተሽከርካሪ ቁልፍ ላይ አረንጓዴዋ ምልክት ሙሉ አውቶ ናት። ሁሉንም ራሷ ትወስናለች። ሲጨልም ደግሞ ብዙ ካሜራዎች ላይ ፍላሹን ሳታስፈቅድ ብድግ ታደርገዋለች። ኤም የሚለው ማኑዋል ነው። ሹተሩንም፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ቆይታ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ማለትም አፐርቸሩንም እናንተ ትሞላላችሁ።

መሀል ላይ ያሉትን ብዙ ሰው ይዘላቸዋል። ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤ፣ ካኖን ላይ ኤቪ የሚለው ሞድ አፐርቸሩን ለእናንተ ትቶ የሹተሩን ፍጥነት ራሱ ይመርጣል። ኤስ ወይም ቲቪ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ፒ ሁለቱንም ይመርጥላችኋል፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እና ፍላሹን ግን ለእናንተ ይተዋል። ከዚህ በኋላ አውቶ ስል ኤ ሞድን ማለቴ ነው። አረንጓዴዋን እርሷት።

2. ካሜራው የት ላይ እንደሚሳሳት ለዩ

የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይወዳል። ነጠላ የለበሱ እናቶች ፍሬሙን ሲሞሉት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ያልታጠበ ይመስላል፣ ፊታቸውም አብሮ ይጠቁራል። ጥቁር ካባ የለበሰ ካህን ብቻውን ሲገባ ደግሞ ይጨምርና ካባውን ግራጫ ያደርገዋል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ፊት ስለሚለዩ ስህተታቸው ቀንሷል እንጂ አልጠፋም።

አውቶ ላይ ሆናችሁ ይህን የምታርሙት የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባለባት ቁልፍ ነው። ነጭ ሲበዛ ወደ ፕላስ 1 ውሰዱት፣ ጥቁር ሲበዛ ወደ ማይነስ 1። የሚያደናግረው ነጭ ላይ መጨመሩ ነው፤ ካሜራው የቀነሰውን እየመለሳችሁለት ነው።

3. ፋሲል ግቢ ውስጥ አውቶ ላይ ሁኑ

እዚህ ብርሃኑ በየእርምጃው ይቀያየራል። ሜዳው ላይ ፀሐይ ነው፣ ግንቡ ሥር ጥላ ነው፣ በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ጨለማ ነው። በማኑዋል ልከተለው ያለ ሰው ቁልፍ ሲያዞር ይውላል። አፐርቸሩን ኤፍ 8 አድርጉ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። አይኤስኦውን አውቶ አድርጋችሁ ጣሪያውን 3200 ላይ ገድቡት። ካሜራችሁ ከፈቀደ ዝቅተኛውን የሹተር ፍጥነት 1/125 ሰከንድ በሉት፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ሼክ እንዳያደርግ።

ቡናማው የግንቡ ድንጋይ ራሱ ለመለኪያው ምቹ ነው፣ ብዙም አያሳስተውም። ችግሩ በሩ ላይ ነው። ሁሉም ሰው ከውስጥ ሆኖ በቅስቱ በር ላይ የቆመ ዘመዱን ማንሳት ይወዳል። ከኋላው ያለው ሰማይ ካሜራውን ያታልለውና ዘመድ ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፕላስ 2 ብታደርጉ ፊቱ ይወጣል፣ ሰማዩ ግን ይቃጠላል፣ ባዶ ነጭ ይሆናል። ሁለቱም አይገኝም። ይልቅ እናንተ ውጭ ቁሙና እሱ ከበሩ አንድ እርምጃ ገባ ይበል። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ያርፋል፣ ከኋላው ያለው ጨለማም ያደምቀዋል። የዚህ ጊዜ ማይነስ 1 ያስፈልጋችኋል።

ስልክ የያዛችሁ ደግሞ ብዙ ስልኮች ላይ ፊቱን ነካ አድርጋችሁ ጣታችሁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብታንሸራትቱ ያው ሥራ ነው።

4. ጥምቀት ላይ ማኑዋል

ብዙ ሰው ግርግር ሲበዛ አውቶ ይሻላል ይላል። ጥር 11 ጠዋት፣ ፀሐይዋ ባሕረ ጥምቀቱ ላይ በደንብ ካረፈች በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ ብርሃኑ ለረጅም ጊዜ ፍንክች አይልም። የሚቀያየረው ሕዝቡ ነው። አንዴ ነጠላ፣ አንዴ የወርቅ ዘቦ ጥላ፣ አንዴ ጥቁር ካባ፣ አንዴ ውሃው። አውቶ ለእያንዳንዱ ሂሳቡን ይቀይርና የአንዱ ሰው ፊት በየፎቶው የተለያየ ይሆናል። እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ኤም ላይ አዙሩ። አውቶ አይኤስኦ መጥፋቱን አረጋግጡ። ካልጠፋ ማኑዋል የመሰላችሁ ነገር አሁንም አውቶ ነው። አይኤስኦ 200፣ ኤፍ 8 አድርጉ።

ለ. መዳፋችሁን ዘርጉና የሰዎቹን ፊት የሚመታው ፀሐይ እንዲመታው አድርጉ። ፍሬሙን በመዳፋችሁ ሙሉት። ፎከሱ ብዥ ቢል ግድ የለም።

ሐ. መለኪያው ፕላስ 1 ላይ እስኪቆም ሹተሩን አዙሩ። መዳፍ ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ስቶፕ (እጥፍ ብርሃን) ያህል ስለሚደምቅ ነው ዜሮ ላይ የማንተወው። በጠራ ፀሐይ 1/800 አካባቢ ትደርሳላችሁ፤ ይህ ወደ ውሃው የሚዘልለውን ጎረምሳም አየር ላይ ቀጥ አድርጎ ያስቀረዋል።

መ. ነጠላ የለበሰ ሰው አንሱና ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ከጨለማ እስከ ደማቅ ያለውን የብርሃን ግራፍ፣ እዩ። ስክሪኑን በፀሐይ አትመኑት። ግራፉ የቀኙ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ ነጠላው ተቃጥሏል፣ የጥለቱ አጠገብ ያለው የሽመና መስመር አይታይም። የሹተሩን ፍጥነት አንድ ጠቅታ ጨምሩት።

ሠ. ከዚያ አትንኩት። ደመና እስኪመጣ ወይም እናንተ ዛፎቹ ጥላ ሥር እስክትገቡ ድረስ የፈለገው ሰው ይለፍ። ጥላ ውስጥ ሦስት ስቶፕ ያህል ይጎድላል፤ ሹተሩ ወደ 1/100 ይወርዳል ወይም አይኤስኦው 1600 ይሆናል።

በዋዜማው፣ ከተራ ዕለት፣ ታቦታቱን አጅባችሁ ስትሄዱ ግን ወደ ኤ ሞድ ተመለሱ። መንገዱ ፀሐይና ጥላ እያፈራረቀ ነው የሚወስዳችሁ።

5. ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ

ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ለማንሳት እንደገና ማኑዋል። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ግን ብርሃኑ አይቀያየርም። አውቶ በበሩ የሚገባውን ብርሃን ፍሬሙ ጥግ ላይ ሲያይ ጣሪያውን ያጨልመዋል። አይኤስኦ 3200፣ ሹተሩን 1/30፣ ክንዳችሁን ወደ ጎናችሁ ሰብስባችሁ ትንፋሽ ያዝ። ፍላሽ አይታሰብም። ለጥንታዊ ሥዕል አይበጅም፣ ፎቶውንም ያንጸባርቀዋል።

ከካሜራው ጋር የመጣ 18-55 ሌንስ የያዘ ሰው እዚህ ላይ ይደናገጣል። ሰፋ አድርጎ በኤፍ 3.5 ያነሳው ፎቶ ደህና ነው። አንዱን መልአክ ለማቅረብ ዙም ሲያደርግ ፎቶው በአንዴ ይጨልማል። ሌንሱ 55 ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ መከፈት ስለማይችል የሚገባው ብርሃን ከግማሽ በታች ወርዶ ነው። ዙም ማድረጋችሁ ካልቀረ መጀመሪያውኑ ኤፍ 5.6 ላይ ተነሱ፣ ወይም እዚህ ጋ ብቻ አውቶ አይኤስኦውን መልሱት።

6. የሠርግ አዳራሽና ማታ

አዳራሽ ውስጥም መብራቱ ያው ስለሆነ ማኑዋል ይሠራል። ግን ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 አድርጉ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ አንዳንድ ኤልኢዲና ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሹተሩ ፈጣን ሲሆን የሙሽሪት ቬሎ ላይ የጠቆሩ መስመሮች ይጋደማሉ።

ማታ ከተማዋን ከከፍታ ለማንሳት ትራይፖድ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ 10 ሰከንድ። ከዚያ እያያችሁ ጨምሩ ወይም ቀንሱ። በእጃችሁ ከመጫን የ2 ሰከንድ ታይመሩን ተጠቀሙ።

ካሜራውን ስታጠፉ ፕላስ ማይነሱን ዜሮ ላይ መልሱት፣ አይኤስኦውንም ከ3200 አውርዱት። ብዙ ካሜራዎች ሲጠፉ አይረሱትም፣ ነገ ጠዋት በዚያው ይቀጥላሉ።