ለአይቢኤስ የቻይና ቅጠላ ቅጠል ይሠራል ወይ? ጥናት ስታነቡ እነዚህን አትሳሳቱ

በጣም የሚያናድደኝን ላስቀድም። «ከወሰዱት ውስጥ ይሄን ያህሉ ተሽሏቸዋል» የሚለውን ብቻ አንብቦ «በቃ ይሠራል!» ማለት። አይቢኤስ እኮ የአንጀት ሕመም ነው፣ ሆድ ሲቆርጥ፣ ሲነፋ፣ ሲያስቀምጥ ከርሞ በራሱ ጊዜ ጋብ የሚል በሽታ ነው፣ ሰው ደግሞ መድኃኒት የሚፈልገው በባሰበት ሰሞን ስለሆነ ያኔ ምንም ብትሰጡት ብዙው ይሻለዋል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የሆንግ ኮንግ ጥናት እዩት፣ ተቅማጥ የሚያስቸግራቸው 119 ሰዎች፣ ግማሾቹ 11 ዓይነት ዕፅ ያለበት መድኃኒት ግማሾቹ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሚመስል ግን ምንም መድኃኒት የሌለበት) ለ8 ሳምንት ወሰዱ። ከዕፁ ወገን 35 በመቶው ተሻላቸው። ከፕላሴቦው ወገንስ? 44 በመቶ! ልዩነቱ እንዲሁ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው፣ ማለትም ዕፁ ከፕላሴቦ አልበለጠም። ሁለተኛውን ቁጥር ያላየ ሰው ግን «ከሦስቱ አንዱን ያድናል» እያለ ያወራል። እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ አክስቴን እንዲህ ብዬ አሳምኛት ለወራት ስትውጥ ከርማለች፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሁሉንም በአንዴ ውሸት ነው ማለትም ልክ አይደለም። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት 116 ሰዎችን ለሦስት ከፍሎ 16 ሳምንት አክሟል፣ ዕፅ የወሰዱት ሁለቱ ቡድኖች (አንዱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቅመም፣ ሌላው ለየሰውዬው የተመጠነ) ከፕላሴቦው በልጠዋል፣ ካቆሙ ከ14 ሳምንት በኋላ ግን ለውጡ የቆየላቸው ለየሰውዬው ተመጥኖ የተቀመመላቸው ብቻ ናቸው።

«የቻይና መድኃኒት» ሲባል አንድ ነገር አይምሰላችሁ። ታዋቂው ቶንግ ሺዬ ያዎ ፋንግ መሠረቱ 4 ዕፅ ነው፣ አንዱ የመንደሪን ልጣጭ፣ ሐኪሙ ደግሞ እንደ ታካሚው ይጨምርበታል ይቀንስበታል። የአውስትራሊያው ለሁሉም አንድ ዓይነት የተሰጠው 20 ዕፅ ነበረበት። የአንዱን ውጤት ለሌላው አትስጡ።

የጥናት ብዛትም አያታላችሁ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ድርጅት ኮክሬን በ2006 (እ.ኤ.አ.) 75 ጥናት፣ 7957 ሰው ሰብስቦ ጥራቱ ከፍ ያለ ሆኖ ያገኘው 3 ብቻ ነው።

ለአይቢኤስ የተሞከረውን ለጨጓራ መውሰድ፣ እባካችሁ ተዉ። ብዙ ጊዜ ጨጓራን የሚያሳምመው ኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ነው፣ አንቲባዮቲክ ነው የሚፈልገው። ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ወይም ሳትፈልጉ ከከሳችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ።

«ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም» የምትሉኝም አላችሁ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለማክሳት በሚሰጥ እንክብል ውስጥ ፋንግጂ የተባለው ዕፅ ስሙ በሚመሳሰል ጓንግ ፋንግጂ ተተክቶ የብዙ ሴቶች ኩላሊት ከሥራ ውጪ ሆኗል። ስለዚህ ስትገዙ የእያንዳንዱን ዕፅ የላቲን ስም ጠይቁ፣ ሻጩ ካላወቀው አትግዙ።