የሕክምና ጥናት እንዴት ይነበባል? (ሐኪም ላልሆነ ሰው)

ሐኪም አይደለሁም፣ ተመራማሪም አይደለሁም። ጥናት ማንበብ የተማርኩት እናቴን መድኃኒት አስጥዬ ነው። ለደም ግፊት የምትውጠው ኪኒን የሆነ በሽታ በዚህን ያህል ፐርሰንት ይጨምራል የሚል ዜና ስልኬ ላይ አየሁ፣ ማታውኑ የጥናቱን አብስትራክት (መጀመሪያው ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ) ፈልጌ አነበብኩ፣ የገባኝ መሰለኝና ጠዋት ደውዬ "ማዬ ያንን ኪኒን እንዳትነኪው" አልኳት። እሷም ልጄ የተማረ ነው ብላ ተወችው። በሁለተኛው ሳምንት ግፊቷ ሰማይ ነክቶ ድንገተኛ ክፍል አደርን። ተረኛው ሐኪም አልተቆጣኝም፣ "ጨመረ ያልከው ከስንት ወደ ስንት ነው?" ብቻ አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ምክንያቱም ያንን ቁጥር አላየሁትም፣ እንዳለም አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ከታች ያለው እኔ አሁን የማደርገው ነው።

1. ዜናውን ትታችሁ ጥናቱን ራሱን አግኙ

የመጽሔቱን ስም ወይም የርዕሱን ቃላት ፐብሜድ ላይ ፈልጉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው የሕክምና ጥናት መፈለጊያ ድረ ገጽ ነው፣ ነፃ ነው። ሙሉው ጽሑፍ ክፍያ ከጠየቃችሁ አንፔይዎል የሚባል ብሮውዘር ላይ የሚጫን ነገር አለ፣ በሕጋዊ መንገድ የተለቀቀ ነፃ ኮፒ ካለ ያገኝላችኋል። ካልሆነም ለተመራማሪው ኢሜይል ጻፉ፣ እኔ ስጽፍ ብዙዎቹ ልከውልኛል።

ፒዲኤፉን ለኤአይ ሰጥቶ "አሳጥርልኝ" ማለትስ? ያልገባኝን ቃል እጠይቀዋለሁ፣ ለዛ አሪፍ ነው። ቁጥሩን ግን ሰንጠረዡ ላይ በራሴ ዓይን ካላየሁት አልቀበልም።

እግረ መንገዳችሁን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ፕሪፕሪንት ከሆነ ገና ሌላ ባለሙያ አልገመገመውም ማለት ነው። ሁለተኛ "ሪትራክትድ" የሚል ምልክት ካለበት መጽሔቱ ራሱ አንስቶታልና እዛው ዝጉት። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጥናት 1998 ላይ ዘ ላንሴት ላይ ሲወጣ የተሠራው በ12 ልጆች ላይ ነበር፣ መጽሔቱ ያነሳው ደግሞ 2010 ላይ ነው። ይኸው ስንት ዓመት አልፎትም ሰው አሁንም ሼር ያደርገዋል።

2 እና 3. ሜተድስ የሚለውን ክፍል እዩ፦ ማን ላይ እንዴት እንደተሠራና ምን እንደተለካ (ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ነው)

አብስትራክቱ ላይ አትቁሙ፣ ዲስከሽኑን (ተመራማሪው ውጤቱን የሚተረጉምበትን ክፍል) ደግሞ መጀመሪያ አታንብቡ። ዲስከሽን ላይ ተመራማሪው ሥራውን እያሻሻጠ ነው፣ ክፋት ኖሮት ሳይሆን ሰው ስለሆነ። ሜተድሱ ደረቅ ነው ግን እውነቱ ያለው እዛ ነው።

ማን ላይ ተሠራ? አይጥ ላይ ከሆነ ወይም ላብራቶሪ ውስጥ ሴል ላይ ከሆነ በቃ ለእናታችሁ አትደውሉ። ሰው ላይ ከሆነ ስንት ሰው፣ በምን ዕድሜ፣ ምን ዓይነት በሽታ ያለበት።

ቀጥሎ፣ ሰዎቹ መድኃኒቱን በራሳቸው ምርጫ ነው የወሰዱት ወይስ በዕጣ ተመድበው? ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ብዙ ነገር ያበላሻል። ለብዙ ዓመታት ካረጡ በኋላ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች የልብ በሽታቸው አነስ ያለ ሆኖ ይታይ ነበር፣ ሐኪሞችም ልብ ይጠብቃል ብለው ያዙ ነበር። በኋላ አሜሪካ ውስጥ 16,608 ሴቶች በዕጣ ግማሹ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን ግማሹ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ኪኒን) እንዲወስዱ ተደረገና 2002 ላይ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ፣ ምክንያቱም የጡት ካንሰሩ ጨምሯል፣ ልቡም አልተጠበቀም እንዲያውም የልብ ሕመሙ በትንሹ ከፍ ብሏል። ታዲያ ቀድሞ የታየው ምን ነበር ካላችሁ፣ አንዱ ማብራሪያ ሆርሞኑን በምርጫቸው ይወስዱ የነበሩት ሴቶች ከመጀመሪያውም ጤናቸው የተሻለ ነበር የሚለው ነው።

ሌላው፣ የተለካው ምንድን ነው? ሰው መዳኑ ወይስ የሆነ ቁጥር መስተካከሉ? ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ካጋጠማቸው በኋላ የልብ ምታቸው ለሚዛባ ሰዎች የሚሰጡ ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ነበሩ፣ ምቱን በደንብ ያስተካክላሉ። ካስት በሚባለው በዕጣ ተመድቦ በተሠራ ሙከራ ከፕላሴቦ ጋር ሲነጻጸሩ ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63ቱ ሞቱ፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት 743 ደግሞ 26። የልብ ምቱ ተስተካክሏል፣ ሰውዬው ግን ሞቷል። ከዚህ በኋላ "ይህን ያህል ቀነሰ" የሚል ነገር ሳይ ምኑ ነው የቀነሰው ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

4. ከስንት ወደ ስንት?

እኔን የጣለኝ እዚህ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ቀስ እንበል።

"በእጥፍ ጨመረ" ማለት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። 1995 ላይ እንግሊዝ አገር የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴው አንዳንድ አዳዲስ የወሊድ መከላከያ ኪኒኖች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ያሳድጋሉ ብሎ አስጠነቀቀ። ውሸት አልነበረም። ግን ከስንት ወደ ስንት ነው ካላችሁ ከ7,000 ሴቶች ከ1 ወደ 2 ነበር። ሚዲያው "እጥፍ" የምትለዋን ብቻ ይዞ ሮጠ፣ ብዙ ሴቶች ደንግጠው ኪኒኑን አቆሙ፣ በማግሥቱ ዓመት እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ውርጃ እንደነበር ይገመታል። የሚያናድደው ደግሞ እርግዝና ራሱ ከዛ ኪኒን በላይ ደም የማርጋት አደጋ አለው።

እና እንዴት ነው የሚሠራው፣ ሪዘልትስ (የውጤት ክፍሉ) ውስጥ ሰንጠረዦቹ ጋ ሂዱ። ቴብል 1 ብዙውን ጊዜ የተሳታፊዎቹ ዕድሜ ምናምን ነው፣ የምትፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ ቴብል 2 ላይ ይገኛል። በየቡድኑ ስንት ሰው እንደነበረና ስንቱ እንደታመመ ፈልጉ፣ አራት ቁጥር ነው፣ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ የታመሙትን ለጠቅላላው አካፍሉና ሁለቱን ቀንሱ። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል፣ ኦንላይን ያሉት "ሪስክ ካልኩሌተሮች" ምን እንደሚያሰሉ ሳይገባችሁ መልስ ስለሚሰጧችሁ አልወዳቸውም።

በሆርሞኑ ጥናት እንሞክረው። የጡት ካንሰር በ26 ፐርሰንት ጨመረ ተባለ። ሰንጠረዡ ላይ ፕላሴቦ ከወሰዱት በዓመት ከ10,000 ሴቶች 30 ነው፣ ሆርሞን ከወሰዱት 38። ልዩነቱ 8 ነው። 10,000ን ለ8 ብታካፍሉ 1,250 ይመጣል፣ ማለትም 1,250 ሴቶች ለአንድ ዓመት ቢወስዱት አንድ ተጨማሪ ሴት ትታመማለች። 26 ፐርሰንቱም 8ቱም ልክ ናቸው፣ ግን ሲሰሙ አንድ አይደሉም።

እዚህ ጋ ሌላ ስህተት እንዳትሠሩ፣ እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ለጥቂት ወራት ሁሉንም ነገር "አይ ይሄ ትንሽ ነው" እያልኩ ስንቅ ነበር። ያ 8 በዓመት ነው፣ ለዓመታት ሲወሰድ ይደመራል። መድኃኒቱን ሚሊዮን ሰው ከወሰደው ደግሞ 8 ከ10,000 ብዙ ሰው ነው። መነሻችሁም፣ ማለትም መድኃኒቱን ሳትወስዱ ያለባችሁ አደጋ፣ ወሳኝ ነው፣ በሌላ ምክንያት አደጋው ቀድሞ ከፍ ያለበት ሰው ላይ ያው 26 ፐርሰንት ብዙ ነገር ይጨምራል። ሌላኛውን ወገንም እዩ፣ እዛው ጥናት ላይ የዳሌ አጥንት ስብራት ከ10,000 በ5 ቀንሷል፣ የአንጀት ካንሰር በ6።

አንድ ዘዴ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ጥቅሙን በፐርሰንት ("በግማሽ ይቀንሳል!") ጉዳቱን ደግሞ "ከ1,000 ሰው 2" ብለው የሚጽፉ አሉ። ይሄን ስታዩ ሁለቱንም ወደ አንድ ዓይነት ቀይሩና አወዳድሩ።

5. ቅንፍ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች

ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ይባላሉ፣ እውነተኛው ቁጥር ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል ያሳያሉ። የሆርሞኑ የጡት ካንሰር ቁጥር 1.26 ነው (ያው 26 ፐርሰንት ጨመረ ማለት ነው)፣ ቅንፉ ከ1.00 እስከ 1.59። 1 ማለት ልዩነት የለም ማለት ስለሆነ ይሄኛው ጫፉ 1ን ነክቷል፣ እውነተኛው መጠን ትንሽም ከዛ በላይም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቅንፉ በጣም ሰፊ ከሆነ የተሳታፊው ቁጥር አንሷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ፒ-ቫልዩ (ልዩነት ባይኖር እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ) የውጤቱን ትልቅነት አይነግራችሁም፣ የቀረውን ስታቲስቲክስ እለፉት።

ማን ገንዘብ እንደሰጠ መጨረሻ ገጽ ላይ አለ፣ እዩት ግን በሱ ብቻ አትጣሉት።

6. መድኃኒቱን ከመንካታችሁ በፊት

አትንኩት። ሐኪም ጋ ውሰዱት። ግን ሙሉውን ፒዲኤፍ ፕሪንት አድርጋችሁ ቢሮው ውስጥ አትዘርግፉት፣ ሞክሬዋለሁ፣ ሰውዬው ሰዓቱን አየ። ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ የጥናቱን ርዕስና ዓመት፣ ማን ላይ እንደተሠራ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ ጻፉ፣ ከታች አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሩ፣ "የእኔ መነሻ ስንት ነው?" የምትል። እናቴን ይዤ ስመለስ ያቀረብኩት ይሄን ነበር፣ ሐኪሟ አነበበውና መጠኑን ሳይነካ ኪኒኑን አስቀጠላት።