ክሮሞሶም ስትቆጥሩ ሴንትሮሜሩን ቁጠሩ

ለባዮሎጂ ፈተና የምትዘጋጁ፣ ማይቶሲስና ሚዮሲስ (ሁለቱ የህዋስ አከፋፈል ዓይነቶች) ላይ ቁጥር የሚጠይቅ ጥያቄ ሲመጣ ዓይናችሁ ሴንትሮሜሩ ላይ ይሁን። ኤክስ የሚመስለው ቅርጽ መሃሉ ላይ የተጣበቀበት ቦታ ማለት ነው። አንድ ሴንትሮሜር ካለ አንድ ክሮሞሶም ነው፤ ክሮማቲዱ (ኤክሱን ከሚሠሩት ሁለት ዘንጎች አንዱ) አንድም ይሁን ሁለት።

የሰው ህዋስ 46 ክሮሞሶም አለው። ከመከፈሉ በፊት ዲ ኤን ኤውን ሲያባዛ ክሮማቲዱ 92 ይሆናል፣ ክሮሞሶሙ ግን ያው 46 ነው። ብዙ ተማሪ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የማይቶሲስ አናፌዝ (ክሮማቲዶቹ ተለያይተው ወደ ሁለት ጫፍ የሚሄዱበት ደረጃ) ላይ ሴንትሮሜሮቹ ሲላቀቁ ለጊዜው 92 ክሮሞሶም ይቆጠራል። ህዋሱ ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ 46 ይደርሰዋል።

በሚዮሲስ የመጀመሪያ ክፍፍል (ሚዮሲስ 1) የሚለያዩት ጥንዶቹ ክሮሞሶሞች ናቸው፣ አንዱ ከእናት ሌላው ከአባት የመጣ፤ ሴንትሮሜር አይከፈልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክፍፍል በኋላ እያንዳንዱ ህዋስ 23 ክሮሞሶም ይይዛል፣ ክሮማቲዱ ግን 46። ሁለተኛው ክፍፍል አካሄዱ እንደ ማይቶሲስ ስለሆነ ብዙ አትጨነቁበት።

የደረጃዎቹን ስም በተርታ መሸምደድ ብቻውን ነጥብ ያመጣል ብዬ አላምንም። ባዶ ወረቀት ላይ 4 ክሮሞሶም ያለው ህዋስ ሣሉና በየደረጃው ቁጠሩ። ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ካላችሁ ከእናት የመጣውን በአንዱ፣ ከአባት የመጣውን በሌላው።